ሁለት መድኃኒት ባንድ ሆድ

ሰዒዴ፣ የሃያት አባት፣

ሰላም ባለህበት ይድረስህ። ከሄድክ ወዲህ ሁለት ረመዷን ያለ አንተ ጾመን ፈታን፤ ሦስተኛው ሳይደርስ ይችን ልጽፍልህ ቆረጥኩ። መቃብርህ ድረስ መጥቼ ብነግርህ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን እዚህ ዓረብ አገር ሴት ቀብር ቦታ አትገባም፤ የቀበሩህ ሰዎች ከበሩ ወደ ግራ ነው አሉኝ እንጂ አፈርህን በዓይኔ አላየሁትም። ስለዚህ በወረቀት ልቆጣህ ነው። ቁጣዬ ሲበርድልኝ ደግሞ አንድ ነገር እነግርሃለሁ፤ እሱን ስትሰማ አንተም ተራህን ትቆጣኛለህ።

ዛሬ ጁምዓ ነው፤ እሑድ ሃያት የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አላት። ከጧት ጀምሮ ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ወለሉን አጥቤ ሳይደርቅ መልሼ አጠብኩት። መጋረጃውን አውርጄ፣ ንጹሕ መሆኑን አይቼ መልሼ ሰቀልኩት። ስልኬን አነሣለሁ፣ ማንም አልደወለም፣ አስቀምጠዋለሁ። ሃያት "ማማ፣ ኸላስ፣ በቃሽ፣ አዞርሽኝ" ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች። አሁንም የተቀመጥኩት ላንተ ስል ነው፤ እሱንም መስመር በጻፍኩ ቁጥር ብድግ እያልኩ።

አሁንም ባዲዓ ሰፈር ነን፤ ቤቱ ግን ሌላ ነው። የድሮው ለሁለት ሴት ሰፋን፤ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራየን። መኖሪያ ፈቃዳችን፣ ኢቃማው፣ ባንተ ስም የተንጠለጠለ ስለነበር ካንተ በኋላ ብዙ ተንከራተትን። አሁን እኔ ሺፋ ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት እጦራለሁ፤ ልጃቸው ከፊሌ፣ ዋስ አሠሪዬ፣ ሆኖ ወረቀቴን አዙሮልኛል። ሃያት በምትሠራበት የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት ስም ተዛወረች። መሣሪያህን ሁሉ ለወርቁ ሰጠሁት። ጎጃሜው ወርቁ አሁንም እናንተ አብራችሁ በሠራችሁበት ጋራዥ የመኪና ማቀዝቀዣ፣ ኤሲ፣ ይጠግናል፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር "እህቴ ዘይነባ፣ ምን ጎደለ?" ብሎ ይደውላል። ዛሬ ግን እስካሁን አልደወለም፤ እሱም እንደኔ እሑድን ፈርቶ ይሆናል።

የመጣሁበትን ልንገርህ። የስፌት ቤቱ መዝጊያ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ብረት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለሶላት ሊዘጉ ሲሉ ብረቱ ከያዘው አምልጦ ወረደና ሃያትን ቀኝ ቅንድቧን መታት። ቁስሉ ትንሽ ነበር። ደሙን ጠርገው፣ ክሊኒክ ወስደው ቅንድቧን አሰፍተው ወደ ቤት ላኳት። እኔም ዓይኗን ስቷታል፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ሾርባ ሠራሁላት። በማግስቱ ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው። ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነችና "ማማ፣ መብራት ሄደ እንዴ?" አለችኝ። ቤቱን ፀሐይ ሞልቶት ነበር።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው፤ ረጋ ብሎ የሚናገር፣ እኔም እንኳ በዚች ዓረብኛዬ የማልስተው። ዓይኗን በመብራት ሲያይ ቆይቶ፣ ዓይኗስ ደህና ነው አለ። የተጎዳው ከዓይኗ ጀርባ ተነሥቶ ወደ አንጎል የሚሄደው የማያ ነርቭ ነው፤ ቅንድብ ላይ ያረፈ ምት በአጥንቱ አልፎ እዚያ ድረስ ይዘልቃል። ዓይኗ ያያል፣ ያየውን የሚያደርስላት ነው የታመመው። ለዚህ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፣ ላታልላችሁ አልፈልግም አለን። አንድ ገና በጥናት ላይ ያለ ሕክምና ግን አለ። ሁለት መድኃኒት ነው፤ ነጩ ኪኒን የተረፈው የነርቭ ክር እንዳይሞት ይጠብቃል፣ ቢጫው እንክብል ደግሞ የተጎዳው መልሶ እንዲያድግ ይገፋዋል። አንዱን ለብቻው ሞክረውት ብዙ አልረባም። የሞተ ነርቭ አያድግም፤ ሳይሞት ቢቆይም ካላደገ አያሳይም። ተስፋው ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ ሲወሰዱ ነው፤ እሱም ኢንሻአላህ እንጂ ዋስትና የለውም አለ። ነርቩ ቀን በቀን እየመነመነ ስለሚሄድ ዛሬ ነገ የሚባልበት ጊዜ የለም ብሎ አስጠነቀቀን።

ሃያት ትልቅ ልጅ ሆናለች፤ ራሷ ጠየቀች፣ ራሷ አንብባ ፈረመች። ሁለቱን ፓኮ ተቀብለን ወጣን። እኔ ማልጄ ወደ ሺፋ ስለምሄድ ስትውጥ አላያትም፤ እደውልና "መድኃኒትሽን ወሰድሽ?" እላታለሁ። "ወስጃለሁ ማማ" ትለኛለች። ልጅህ ውሸት አታውቅም፤ ወስዳለች ብዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

በቀጠሮው ቀን ፓኮዎቹን ይዛችሁ ኑ ብለውን ነበርና ሃያት ከቦርሳዋ አወጣቻቸው። ነጩ አልቋል። ቢጫው ግን ማሸጊያው እንኳ አልተነካም። ሐኪሙ የረሳችው መስሎት ሊያጽናናት ጀመረ። እሷ ግን ቀጥ ብላ፣ አልረሳሁም፣ ነጩን ጨርሼ ቢጫውን ልጀምር ነው፤ ሁለት መድኃኒት ባንድ ሆድ አይገባም አለችው። በዓረብኛ ነው ያለችው፤ ቃሉ ግን ያንተ ነው። አገጯን ቀና አድርጋ የተናገረችበት ሁኔታ ሳይቀር አንተን ቁጭ። ሐኪሙ እኔን አየ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

አንተ ሰው፣ ያንን ነገር ስንት ዓመት ሰበክብን። ኤሲ ስትጠግን ሁለት ዓይነት ጋዝ አንድ የጋዝ መጭመቂያ፣ ኮምፕሬሰር፣ ውስጥ ከገባ ኮምፕሬሰሩን ይበላዋል ትል ነበር። እውነትህን ነው፤ ወርቁም ይላል። አንተ ግን ከጋራዡ አውጥተህ ወደ ሆዳችን ይዘኸው ገባህ። ሃያት ልጅ ሆና ትኩሳትና ሳል ባንድ ላይ ሲይዛት፣ መጀመሪያ የትኩሳቱን ሽሮፕ ጨርሰህ የሳሉን ስትከፍት ሳሉ በራሱ ጊዜ ለቋት ነበር። "አየሽ ዜኒ?" አልከኝ፣ ሐኪም የሆንክ ይመስል። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስታመጣት እጋራዡ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጣ አንተ የምትናገረውን ሁሉ እንደ ቁርኣን ትይዘው ነበር። እኔ ስገዝታት የማትሰማኝ ልጅ አንተ ስታስነጥስ ትሰማለች።

ሐኪሙ አልተቆጣም። የነርቩን ፎቶ አሳየንና ካለፈው የሳሳውን ቦታ በጣቱ ነካው። ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱን አብራ ካልወሰደች ከጥናቱ ትወጣለች፤ ዓይኗም ጨልሞ ይቀራል አለ። ለእኔ ቀስ ብሎ፣ "እህቴ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂያት፣ እባክሽ" አለኝ።

ቤት ገብተን ተጨቃጨቅን። አላወቀችም እንዳትል፤ ስለ ነርቭ እኔ ስለ ሽንኩርት ከማውቀው በላይ አንብባለች። ሁለቱን አንድ ላይ ውጬ ግራውም ቢጠፋብኝስ፣ አለችኝ አንዴ። እሱን መለስኩላት፤ ሐኪሙም መልሶላት ነበር። ሌላ ጊዜ ግን፣ "የባባን ቤት ለቀቅን። መሣሪያውን ሰጠን። አማርኛውን እንኳ ካንቺና ከወርቁ ሌላ የማወራው ሰው የለኝም። ያለኝ አንድ ቃሉ ነው፤ እሱንም ልጣል?" አለችኝ። እኔም እኮ ሸሚዝህን ያላጠብኩት ለዚሁ ነው።

ወርቁን ጠራሁት። መጣና እንደ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ሃያትዬ፣ ጋዝ ከጋዝ አይደባለቅም፣ ልክ ነው፤ ግን ጋዝ ያለ ዘይት ብቻውን ከሄደ ኮምፕሬሰሩ ነክሶ ይቆማል፤ አባትሽ ራሱ ሁለቱን አብሮ ነበር የሚሞላው አላት። ጥሩ ተናገረ ብዬ ደስ አለኝ። እሷ ግን ትንሽ አሰበችና፣ ባባ ይሄንን ያውቅ ነበር አይደል? እያወቀ እንዲያ ካለኝ ምክንያት ነበረው አለችው። ወርቁ ሻዩን ጠጥቶ፣ "ያላ፣ የሰዒድ ልጅ ነሽ" ብሏት ሄደ። ደረጃው ላይ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ፣ እህቴ፣ የቀረው አንቺ ዘንድ ያለው ነው አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ያን ነገር ከእኔ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሰዒዴ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ልብህን ያመመህ ጊዜ ሁለት መድኃኒት አዘውልህ ነበር፤ አንዱ ለደም ግፊቱ፣ ሌላው ደሙ እንዳይረጋ። "ትወስዳለህ?" ስልህ "እወስዳለሁ" ትለኛለህ። ከቀብርህ በኋላ ወርቁ የሥራ ጃኬትህን ከጋራዡ አመጣልኝ። ኪሱ ውስጥ የደሙ መድኃኒት እንደታሸገ ተቀምጧል። የግፊቱ እስኪያልቅ ወረፋ እየጠበቀ ነበር። ያክምህ የነበረውን ሐኪም ሄጄ አብረህ ብትወስደው ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ "ምናልባት" አለኝ፣ እርግጠኛ ግን አልሆነም። እኔም ፓኮውን ጣልኩት። ለለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ አጀሉ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው አልኩ። አጀልህ ነው፤ ዛሬም እላለሁ። ግን ገመናህን ሸሽጌልህ ነበር። ሃያት አባቷ የተናገረው መሬት የማይወድቅ ሰው ነበር ብላ እንድታድግ ፈልጌ ነው። ያወቀ ሰው ያላግጥብሃል ብዬም ፈርቼ ነው። አንድ ጎበዝ መካኒክ በራሱ ጥንቃቄ ሞተ ሲሉህ ይታየኝ ነበር።

ወርቁ ከሄደ በኋላ ያለውን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግርህም። አሮጊቷን ሳጥብ ሳሙናውን ዓይናቸው ውስጥ ከተትኩባቸው፣ ይቅር አሉኝ። ሙት ወቃሽ አታድርገኝ እያልኩ መንገድ ለመንገድ ሳወራ አንድ ፓኪስታናዊ ዞሮ አየኝ። ብናገር አንተን አሳጣታለሁ። ዝም ብል ዓይኗን ታጣለች። ላንተ ያለብኝ ዕዳ ገመናህን መሸሸግ ነው፤ ለእሷ ያለብኝ ግን አንድ ዓይን ነው። ይህ ሲገባኝ ከሺፋ እስከ ባዲዓ በታክሲው መስኮት አንገቴን አውጥቼ እስቅ አለቅስ ነበር፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ገና ፀሐይ ሳይጠልቅ ገባሁ። መስኮቱ አጠገብ መርፌ ላይ ክር ልታስገባ ቀዳዳውን እየሳተች ትታገል ነበር፤ አንድ ዓይን ርቀት አይለይም። ጫማዬን ሳላወልቅ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ጃኬቱን፣ ፓኮውን፣ የሐኪሙን ምናልባት። አባትሽ በዚያ ቃል ነው የሄደው፣ አንቺም እሱን ተከትለሽ እየጨለመብሽ ነው አልኳት። ጠንክሬ ነው ያልኳት፤ ብለሰልስ ኖሮ አልጨርሰውም ነበር።

አላለቀሰችም። ፓኮውን አሳዪኝ አለችኝ። ጥዬዋለሁ አልኳት። "እኔ እሱን ልምሰል ብዬ ዓይኔን ስጥል አንቺ እያየሽ ዝም ብለሽ ነበር?" አለችኝ። ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ስትወጣ ነጩንና ቢጫውን ባንድ መዳፍ ይዛ ነበር። ውሃ ቀዳች፣ ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ ገባላት፤ ፊቴ ቆማ ሁለቱንም ባንዴ ዋጠቻቸው። እኔን እያየች ነው የዋጠችው። ከዚያ በኋላ አኮረፈችኝ። መድኃኒቱን ትወስዳለች፣ ሰላምታውን ትነሣኛለች። አኩርፋም ትዋጥ እንጂ ብዬ ቻልኩት፤ ደግሞ አልቻልኩትም፤ ሸሚዝህን አውጥቼ ፊቴን ቀበርኩበት።

ታዲያ አንድ ጧት እንክብሎቹን በመዳፏ እንደያዘች ቆመችና፣ "ባባ ሌላ ምን ይሳሳት ነበር?" አለችኝ። ደነገጥኩ። ነገር ፍለጋ መሰለኝ። ፊቷን ሳየው ግን ተርቦ ምግብ የሚጠይቅ ሰው ፊት ነው። መንገድ መጠየቅ ነውር ነው ብለህ ወደ ኸርጅ ከተማ ልትወስደን ተነሥተህ ግመል ገበያ ያደረስከንን ነገርኳት። ሙቀቱ፣ ሽታው፣ አንተ ደግሞ "ላሳያችሁ ብዬ ነው" ስትል። ሳቋ አመለጣት። ስቃ ዋጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ከመሄዴ በፊት አንድ ጥፋትህን ካልነገርኳት መድኃኒቱን አትወስድም። ገዝተህልኝ ጠቦኝ የነበረውን ጫማ ይለጠጣል ብለህ ሠርግ ድረስ ያስኬድከኝን ነግሬያታለሁ። የአንድ ባለ መኪና ደንበኛህን ሚስት ስም ዘንግተህ በእኔ ስም የጠራሃትን ነግሬያታለሁ። ብዙ አለህ፤ አያልቅብኝም።

ዓይኗን ትጠይቀኛለህ፤ አውቃለሁ። ከጎን በኩል ጨለማው ግራጫ ሆነ ትላለች አንዳንዴ። ለሐኪሙ ደውላ ብትነግረው፣ ደስ ብሎኛል፣ ግን እሑድ ሳናይ አትጨፍሩ አላት። የዘገየችበት ጊዜ ነርቩን ምን ያህል እንደወሰደው እሱም አያውቅም። እኔ ግን መታገሥ አልሆነልኝም። ትናንት ቁጭ ብላ ስልኳን ስታይ በቀኟ በኩል ቀስ ብዬ መጥቼ እጄን አወዛወዝኩ። ስልኩን እያየች "ማማ፣ እጅሽን አውርጂ" አለችኝ። አይታው ነው ወይስ የእጄ ነፋስ ነክቷት? ካልጠየቅሁ አይታው ሊሆን ይችላል። እስካሁን አልጠየቅሁም፤ ለዚህም ነው ወለሉን ደግሜ የማጥበው።

አሁን ቁጣዬ በርዷል። ያንተን እጠብቃለሁ። ስምህን በልጅህ ፊት አንስቻለሁ፤ የሸሸግኩልህን ገልጫለሁ። ብትኖር ለዓይኗ ስትል ራስህ ትነግራት ነበር ብዬ እጽናናለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ላትነግራት ትችል ነበር እላለሁ፤ አውቅሃለሁና። ብቻ ይቅር በለኝ። ባትለኝም ዳግመኛ ቢመጣ አደርገዋለሁ።

ዛሬ ጧት ስትጠይቀኝ የሚያስቅ አልመጣልኝም። እንቅልፍ ስላጣሁ ይሆናል፤ ሳላስበው "አባትሽ ፈሪ ነበር" አልኳት። ስለ ጋዝና ስለ ኮምፕሬሰር የሚያወራው መድኃኒት ስለሚፈራ ነበር። ልቡ ሲያመው ሞትን ፈራ፣ ፈራሁ ማለትን ደግሞ ከሞትም በላይ ፈራ፤ ለእኔ እንኳ አልነገረኝም አልኳት። እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር፤ አፌ ነው ያወጣው። ሃያት ሳትስቅ ቆመች። እንክብሎቹ መዳፏ ላይ ናቸው። "እኔም ፈርቼ ነበር ማማ። የባባን ቃል ያልኩት ፈርቼ ነው" አለችኝ። ከዚያ ዋጠቻቸው። ብርጭቆውን አስቀምጣ መጣችና፣ ካኮረፈች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጭኔ ላይ ተኛች። ፀጉሯን እያሻሸሁ ለፈሪው አባቷ አብረን አለቀስን፤ በለቅሶህ ቀን ያልተለቀሰለት እሱ ነበር።

እሑድ ምን እንደሚሉን አላውቅም። ያም ሆነ ይህ ቃል እገባልሃለሁ። ሰው ደጉን ሰዒድ፣ ጎበዙን መካኒክ ያስታውስልህ፤ እሱን ለሰው ትቼዋለሁ። መንገድ አልጠይቅም ያለውን፣ ጠባብ ጫማ የገዛልኝን፣ መድኃኒቱን በኪሱ አሽጎ ፈርቶ የሞተውን እኔና ልጅህ እንይዘዋለን። የምንወደው እሱን ነው።

ዘይነባህ